የኮምፒውተሩ አቤቱታ

የአሥር ወር ዕቁቤን፣ የላቤን ፍሬ፣
በባጃጅ አስጭኜ አመጣሁት ዛሬ።
ጥቁር ነው፣ ያበራል፣ ላስቲኩን ለብሶ፤
ጎረቤቴ ይርሳው ጎኑን ደባብሶ፣
«በሬ ይገዛ ነበር» አለኝ ተመልሶ።

ሰካሁት። ተነሣ። ነፋሱ ሽው አለ፤
ሰማያዊ ብርሃን ፊቴ ላይ ዋለለ።
ደስ ብሎኝ አንድ ስም፣ የራሴን ስጽፍ፣
ከውስጡ የሆነ ነገር፦
ቅጭ።
ደግሞ ዝም ብሎ፣ ትንሽ ጊዜ ሲያልፍ፣
ቅጭ... ቅጭል።

ባለሱቁ በስልክ «አዲስ ነው፤ ይለምዳል።»
ይርሳው በአጥር በኩል «ያኮርፋል፣ ይወዳል፤
ጌታውን እስኪያውቅ በሬም እንዲህ ያረጋል።»

እኔ ግን ሃያ ዓመት፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣
የሰው እሮሮ ነው የጻፍኩት በብር።
ሞያዬ ጆሮ ነው። ባለጉዳይ ሲመጣ
የሚናገረው ሌላ፣ የሚያመው ሌላ ጣጣ፤
ስለ አጥር ሰውየው አንድ ሰዓት ያወራል፣
ልቡ ግን ከወንድሙ ደጅ ቆሞ ይጣራል።
እናም ሰማሁት፣ እንደ አንድ ባለጉዳይ፣
ጉንጬን አስደግፌ ከቆርቆሮው ላይ።

ፍሪጁን ነቀልኩት፤ ሰዓቱን አወረድኩ፤
መስኮቱን ዘግቼ ትንፋሼን ያዝ አረግኩ።
ከሐይቁ የሚመጣ የጀልባ ሞተር ነው?
ከደንገሉ መሐል ጉማሬ አጓርቶ ነው?
ቅጭ።
አይደለም። እዚሁ ነው።

አንማውን ጠራሁት፣ የፖሊውን ተማሪ፣
ኪሱ ሙሉ ብሎን፣ ንግግሩ ቆጣሪ።
«እትዬ፣ ከከፈትነው ዋስትናው ይቀራል።»
«ልጄ፣ ካልከፈትነው እንቅልፌ ይቀራል።»
ተለጣፊው ወረቀት ሲቀደድ አየሁት፤
የአሥር ወር ዕቁቤን አብሬ ቀደድኩት።
እንደ አምባዛ ሆዱን ገልጦ ሲያሳየኝ፣
አንጀቱ ቀይና ቢጫ፣ እኔ ምኑ ገባኝ።
ከማራገቢያው ጥግ ቀጭን ሽቦ አገኘ፤
«ይኸው ሌባው!» ብሎ በላስቲክ አሰረው፣ ዳኘ።
ሦስት መቶ ከፈልኩት፤ ሻዩን ትቶ ወጣ።
ሌሊት ስምንት ሰዓት ሌባው በዋስ መጣ።
ቅጭ... ቅጭል... ቅጭ።

በማግሥቱ ትንኙ፣ የሐይቁ ደመና፣
የስክሪኑ ብርሃን ጠርቶት መጣና
ፊደሌን ሸፈነው፤ አንዲት «ሀ» ስመታ
ሦስት ነፍስ አጠፋሁ በዚያች አንድ ማታ።
እነሱም አይደሉ።
እነሱ እንኳ የሚሞቱት ዝም ብለው ነው።

ያን ጊዜ መብራት ሄደ።

ሽምብጥ ጨለመ፣ እስከ ሐይቁ ከንፈር።
ማራገቢያው ቀስ በቀስ ትንፋሹን ሲቆጥር፣
ልክ ሊቆም ሲል፣ በመጨረሻው ዙር፣
ከታች፣ ከእግሬ አጠገብ፣ ጥርት ያለ፣ ረዘም ያለ፣
ቅጭል!

በስልኬ መብራት ተንበርክኬ ባይ፣
ከጠረጴዛው ሥር፣ ከአቧራው ላይ፣
በማዳበሪያ ጠቅልዬ ጡረታ ያወጣኋት
አሮጌዋ ታይፔ ናት።
«ረ»ዋ የተሰበረ፣ ሪባኗ የደረቀ፣
ጎኗ ከአዲሱ ጎን ገጥሞ የተጣበቀ።
እሱ ሲንዘፈዘፍ ለእሷ ይደርሳታል፤
የመስመር መጨረሻ ደወሏን ይነካታል።

«ቅጭል» ማለት ድሮ፦ መስመሩ አልቋል፤ መልሺው።
ሃያ ዓመት እጄ ሰምቶ የታዘዘው፣
ጆሮዬ በምን ቀን፣ እንዴት ነው የረሳው?
የአዲሱን ሆድ አስቀድጄ፣
ዋስትናውን ቀድጄ፣
የምትጠራኝ እሷ ከጉልበቴ ሥር ሆና።

አራት አጥፌ አንድ ውድቅ ማመልከቻ
ሸጎጥኩ በመሐላቸው። ዝም አሉ። ይኸው ብቻ።
አንማው ሰምቶ ሳቀ፤
ስለ ሦስት መቶዋ ግን ትንፍሽ አላለ።

ጠዋት መብራት መጣ። ሰውም መጣ፤
ከዘጌ ጀልባ የወረደ፣ ሱሪው እስከ ጉልበት ርሶ፤
«ጎረቤቴ» አለ ገና ሳይቀመጥ፣ «አጥሬን አፍርሶ...»
ወንበር ሳብኩለት።
እጄን ከቁልፎቹ አነሣሁ።
ሐይቁ በመስኮት ጸጥ ብሏል።
«ቆይ እስቲ» አልኩት፣ «ወንድም አለህ?»