የባሬላ ጫፍ

ኮዬ ፈጬ ማዶ፣ አስፋልቱ ሲያልቅ፣ ጭቃው ሲጀምር፣
ጤፍ በነበረበት ብረት በቅሏል፣ ባለ አሥራ ሁለት ቁጥር።
ስድስት ፎቅ ነው ሕንጻው፣ መስኮት የለው ገና፤
ነፋሱ እንደ ካቦ ሲዞርበት ይውላል፣ ሥራ የለውምና።

እኔና ላምቤቦ አንድ ባሬላ አለን፦
ሁለት እንጨት፣ መሃሉ ቆርቆሮ፣ አራት እጀታ፣
ጠጠርና አሸዋ፣ ከጠዋት እስከ ማታ።
እሱ መንገድ ያያል። እኔ ጀርባውን ነው፣
ሸሚዙ ላይ ላቡ ካርታ ሲሥልበት የማየው።
ሜዳው ላይ እኩል ነን። ደረጃ ሲመጣ ግን
ጭነቱ ይንሸራተታል፣ ወደ ታች፣ ወደኔ፣
ጠጠሩ ደረቴ ላይ፣ እጀታው ከጎኔ።

ሦስት ወር እንዲህ ወጣሁ።
"ቀስ በል" ስለው "ትችያለሽ" ይለኛል፣ ሳይዞር፣
ሙገሳ መስሎት።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ የደመወዝ ሰልፍ።
ካቦው በቆርቆሮው መስኮት አጎንብሶ፣
ጣቱን በምራቁ አርሶ፣
"ላምቤቦ፣ በቀን አራት መቶ። ፈርም።
እማዋይሽ፣ ሦስት መቶ።"
"ለምን?"
"ሴት ነሽ።"
እንደ አየር ጠባይ ነው ያለው፤ "ዘንቧል" እንደሚል ሰው፣
ማንም እንዳላጠፋው፣ ማንም እንደማይመልሰው።

"ጠጠሩ ያውቃል ወይ ማን እንደተሸከመው?" አልኩት።
ሰልፉ ሳቀ። ካቦው ተረተ፦
"ሴት ቢያውቅ፣ በወንድ ያልቅ!"
"ወንድ ቢያውቅስ? በማን ያልቅ?"
እዚህ ላይ ሳቁ ትንሽ ተንገጫገጨ።

ግን እውነቱን ልናገር፤ ያን ዕለት ያነደደኝ
ካቦው አልነበረም። ከካቦ ምን ይጠበቃል?
ላምቤቦ ነበረ።
አጠገቤ ቆሞ የራሱን ብር ቆጠረ፣
ደግሞ ቆጠረ፣
ያ የማውቀው ጀርባው እንደገና ዞረ።

ንዴት አለ የሚጮህ። የኔ እንደ ኖራ ነው፤
ነጭ ሆኖ ይተኛል፣ ውሃ እስኪነካው።

ሰኞ ባሬላው ሞላ። ጎንበስ ብሎ "እንነሳ" አለኝ።
እጄን አጣጥፌ ቆምኩ።
"ባለ አራት መቶ" አልኩት፣ "አንሳዋ ብቻህን!
መቶ ብር የምትበልጠኝን አሳየኝ ጉልበትህን።"

ጎተተው። መሬቱን አረሰው እንጂ አንድ ስንዝር አልተነሳም፤
ባሬላ ወንድ አያውቅም፣ ሴት አያውቅም፣ ሁለት ካልሆኑ አይሰማም።
ፌሮ ሠራተኞቹ ከላይ አፏጩበት።
ከኪሱ ብር አወጣ፣ የታጠፈ፣ በላብ የራሰ፣
"እንካፈል" አለኝ፤ ድምፁ ከሱ አነሰ።

"ኪስህን አይደለም" አልኩት፣ "የፈለግሁት አፍህን ነው።
ቅዳሜ መስኮቱ ሥር የት ነበር የረሳኸው?"

ዝም አለ። የቅዳሜው ዝምታ ግን አልነበረም፤
ቁልፍ የጠፋበት ሰው ኪሱን ሲዳብስ ያለው ዓይነት ነው።
"እኛ አገር" አለ ቆይቶ፣ "ወደ ሆሳዕና ገበያ ስንሄድ
አባቴ ከፊት፣ ዱላ ብቻ ይዞ፤
እናቴ ከኋላ፣ ቆጮ ተሸክማ።
መንገድ ማለት እንደዚያ መስሎኝ ነው ያደግሁት።"

ይቅርታ አላለኝም። እኔም አልጠየቅሁት።
ዞሮ መጣና የኋላውን እጀታ ያዘ።
"ዛሬ አንቺ ከፊት።"

ደረጃውን ያኔ ነው ያየሁት፤ ሦስተኛው ስንጥቅ አለው።
ለካ እሱም በየቀኑ እግሩን በፍርሃት ነበር የሚያስቀምጠው።
"ስንጥቅ!" ብዬ ጮህኩ፣ እሱ አንድም ቀን ያላለኝን።
ከኋላ ትንፋሹ ብቻ መለሰ፤
ጠጠሩ ደረቱ ላይ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መስኮቱ ሥር ሁለት ሆነን ቆምን።
"አንተ ምን ቤት ነህ?" አለው ካቦው። "ባሏ ነህ?"
"አይደለሁም" አለ ላምቤቦ፣
"የባሬላዋ ሌላ ጫፍ ነኝ።"
ካቦው መዝገቡን ዘጋ። "እናያለን" አለ።
"እናያለን" ስንት ብር እንደሆነ ገና አላወቅንም።

ወደ ቱሉ ዲምቱ ታክሲ በጭቃው ስንወርድ
መንገዱ ሰፊ ነው ለካ፣ ባዶ እጅ ሲኬድ።
እሱ ከፊት አልሄደም፣ እኔም ከኋላ።
ንዴቴ ግን አልበረደም፤
መቶ መቶዬ እዚያው ናት፣ ከመስኮቱ ኋላ።