የቆጣሪው ደብተር

ሠላሳ አንድ ዓመት ቆጣሪ አንብቤ፣
በየሰዉ ደጃፍ በውሻ ተከብቤ፣
የሌላውን መብራት በአሃዝ አስቤ፣
ጡረታ ወጣሁኝ፤ ደብተሬ ግን ቀረ፣
ግማሹ ሳይጻፍ በብብቴ አደረ።
ዛሬ ወፍ ልቆጥር ነው።

መጋቢት አሥራ ሰባት፣ አሥራ ሁለት ተኩል፤
ታቦር ደመና ተከናንቦ፣ ሐይቁ ጭጋግ ለብሶ፣
ከአሞራ ገደል ማዶ ፊላው እኩል በእኩል
ይንጫጫል፣ የጋለ ዘይት ውስጥ እንደገባ ቆሮሶ።
ወንጭፊቶች ናቸው። ሌሊቱን እዚያ አደሩ።
ፀሐይ ብልጭ ስትል ፊላው ከነሥሩ
የተነሣ መሰለኝ፤ ዞሩ፣ ዞሩና
በሽቦው ላይ ሰፈሩ፣ በእኔው ሽቦ፣
ሂሳብ የማይጠየቁ ደንበኞች፣ ጭራቸው መቀስ።
መቶ አርባ፣ መቶ አርባ አንድ... አንዷ ክንፏን ስታራግፍ
ሁሉም ይነሣል። እንደገና ከአንድ።

ቃሚሶ ዓሣ ይፍቃል፣ ቅርፊት በቅንድቡ፦
«ጋሼ፣ አይሸጡ፣ አይበሉ፤ ምን ይረባል ማሰቡ?»
አባ ኮዳዎች ቆመው ይሰሙናል፣ ራሰ በራ፣
ካፖርት እንደደረበ የእድር ዳኛ በተራ፤
እነሱ የትም አይሄዱ። አንጀት ሲወረወር ብቻ
ሁለት እርምጃ።
እኔም ብሆን ከዲላ አልፌ አላውቅም።

ቀትር ላይ ሽመላዎች፣ ከየት እንደመጡ እንጃ፣
በታቦር አናት የጋለውን አየር
እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ወጡት፣ ክንፍ ሳያራግቡ፤
አንገቴ እስኪያመኝ አየሁ፣ ስድሳ ሦስት።
ከዚያ ነጥብ ሆኑ፣ ወደ ሰሜን።
ከዚያ ምንም።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ሊደርቅ ከተሰጣው መረብ፣
አንዲት እግረ ቀጭን፣ ከገብስ ዛላ የማትከብድ፣
ተጠላልፋ አገኘናት። ቃሚሶ ቢላዋውን ጥሎ
ክሩን በጥርሱ በጠሰላት።
እግሯ ላይ የብረት ቀለበት፣ ፊደሉ ያልተማርነው።
ቁጥሩን ግን አነበብኩ፣ ልማድ ነው፦
ሁለት፣ ዜሮ፣ ሰባት፣ አራት... መጨረሻው ላይ
ከቃሚሶ ጣት የተለጠፈ ቅርፊት።
ልጠርገው ስል በረረች።

«ስምንት ነው» አለ።
«ሦስት ነው» አልኩ።
«ስምንት ነው ጋሼ፣ በእጄ የያዝኳት እኔ!»
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለአንድ ቤት
ሁለት ንባብ ጽፌ አላውቅም።
ሁለቱንም ጻፍኩ።

ሲመሽ ሽቦው ባዶውን ተወጥሮ ቀረ፣
ፊላውም ዝም።
ቃሚሶ ደብተሩን ወስዶ በዓሣ እጁ ገለጠ፤
ከኋላችን ከተማው መብራቱን አበራ።
አልቆጠርኩም።