እጅ መታጠቢያው

መቶ አርባ ሁለት ደረጃ ወጥተን፣
በየማረፊያው ላይ ጉልበታችንን አምተን፣
ቫልፓራይሶ ከሥር መብራቷን ለኩሳ፣
ወደቡም ጭሱን እንደ ጋቢ ለብሳ፣
ፍሮይላን እያለከለከ፣
«ማነው እዚህ ሰማይ ሥር ድስት የሰበከ?
ከታች ሜዳ ጠፍቶ?»
ብሎ እየተራገመ፣ ከሁላችን ቀድሞ፣ ከበሩ ተገኝቶ፣
እንገባለን፤ ሐሙስ ነው።

ሰባት ጠረጴዛ፤ የኛው እግሩ አጭር፣
ያምና ቀን መቁጠሪያ ታጥፎ ሥሩ የሚያድር።
በሩ ላይ ተጽፎ የነበረው ስም፣
ጨው በልቶት፣ ፀሐይ ልሶት እስኪከስም፣
የቀረችው አንዲት ፊደል ‹ላ› ናት፤
እኛም ከዚያ ወዲህ ‹ላ› ብለን ጠራናት።
(ምናልባት ከሌላ፣ ከሩቅ ሰው ቋንቋ ላይ፣
ከ‹እንብላ› ተቆርሳ የመጣች ናት ወይ?)

ዶኛ ሬሜዲዮስ ምን ላምጣ አትልም።
ኮንግሪዮ ካለ፣ አለ፤ ከሌለም የለም፤
ቅሬታ ያለው ባሕሩን ይክሰስ።
መልኩ እባብ ነው ዓሣው፤ ሸክላ ድስት ሲደርስ፣
ከድንች ከሽንኩርቱ ፈልቶ ሲዋደድ ግና፣
ኤዱቪሂስ «ዝም በሉ» ትላለች ዓይኗን ጨፍና።
አርባ ዓመት ያስታመመች ነርስ ናት፤ የትኛው ዝምታ ሕመም፣
የትኛው ጥጋብ እንደሆነ አይጠፋትም።

ኒባልዶ ደግሞ የወደቡ ክሬን ነጂ ነበር፣
ሃያ ቶን ብረት አንሥቶ እንደ እንቁላል የሚያኖር።
ያው እጁ ነው ዛሬም ዳቦ ሲቆርስልን፣
ፍርፋሪ ሳይጥል፣ እኩል የሚያድለን።
አመልም አለው፦ ሣቁ ሲሞቅ ገና፣
«እጄን ልታጠብ» ብሎ ይነሣና፣
በጓዳ በኩል ዞሮ፣ በሹክሹክታ፣
ሂሳቡን ከፍሎ ይመጣል በዝምታ።
ጠረጴዛ ደብድበን፣ «ሌባ!» ብለን ሰድበን፣
«ሁለተኛ ካንተ ጋር!» ብለን ምለን፣
የመጣው ሐሙስም ያው ነው።
እጁ ደረቅ ሆኖ ይመለሳል፤
በደረቅ እጁ ነው መክፈሉ የሚታወቀው።

ዘንድሮ ግን ወሬ ዳገቱን ወጣ፤ ወሬ ጉልበት አያመውም።
የልጁ ዕዳ፣ የዋስትናው ፊርማ፣ የጡረታው ነገር።
ሰማን። እንዳልሰማ ሆንን።
መጋቢት ላይ ከእጁ ሰዓቱ ጠፋ፤
«ለጥገና ሰጥቼው ነው» አለ፤
«ጊዜ ይፈጃል» አልነው።

ዛሬ ማታ ድስቱ ተሟጦ፣ ዳቦው መረቁን ጠጥቶ፣
ፍሮይላን ያንኑ የአሳንሰር ቀልዱን አውርቶ
(ሌሊቱን አሳንሰር ውስጥ የታገቱት ሙሽሮች፣
ጠዋት ሲከፈትላቸው ተፋተው የወጡት)፣
ኒባልዶ ተነሣ።
«እጄን ልታጠብ።»

ውኃው ሲወርድ ሰማን።
ለመጀመሪያ ጊዜ። ብዙ ውኃ።
ኤዱቪሂስ ማንኪያዋን አገላበጠች።
እኔ በጠረጴዛው ሥር ቦርሳዬን ስዳብስ፣
ፍሮይላን እግሬን ረገጠኝ፦ እንዳታደርጊው።
ሲከፍል ለኖረ ሰው፣ ፊት ለፊቱ እንዴት ይከፈላል?

መጣ። እጁ እስከ ክርኑ ርሷል፣ ፊቱም ታጥቦ፣
እንደ ተማሪ፣ ከተጠራበት ቀርቦ።

ሬሜዲዮስ ብቅ አለች፣ እጇን በሽርጧ እያበሰች፣
ያን ቅባት የጠጣ መዝገቧን ገለጠች፦
«አንተ ሰውዬ፣ መልስህን ትተህ ትሄዳለህ፣
ሰፈሩ ሌባ እንዲለኝ ትፈልጋለህ?
ባለፈው ሐሙስ የሰጠኸኝ ተርፎ፣
የዛሬውን ችሏል፤ ይኸው፣ እዩት፣ ተጽፎ።»

ባለፈው ሐሙስ ቤቱ ዝግ ነበር።
ደረጃው በዝናብ ወንዝ ሆኖ ውሻ እንኳ አልወጣም።
አራታችንም እናውቃለን። እሷም።

ኒባልዶ መዝገቡን አየ፤
ሸክም ከመነሣቱ በፊት ክብደቱን እንደሚገምት።
ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ምንም ነገር ሳይጥል፣
«አዎ፣ ረስቼው ነው» አለ።
«የተረፈውን ለዚያ ሳሕን አጣቢ ልጅ ስጪልኝ።»
ከጓዳም ልጁ ጮኸ፦ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ዶን ኒባልዶ!»

ስንወርድ ነፋሱ ፊት ለፊታችን ነበር።
ፍሮይላን ደረጃ ሲቆጥር፣ ኤዱቪሂስ ስታርመው፣
ኒባልዶ ክንዴን ያዘ፤
እንዳልወድቅ ይሁን እንዳይወድቅ አልጠየቅሁትም።
እጁ ገና አልደረቀም።