ሰርገኛ

የኮንክሪት ጎተራ፣ ሐይቁ ዳር የቆመ፣
እህል ተለይቶት፣ ሃያ ዓመት ያረመመ፤
በተንደር ቤይ ከተማ፣ በየካቲት ወገብ፣
አራት ሰው ገባበት፣ ሆዱን በድምፅ ሊመግብ።
አምስተኛው እኔ ነኝ፤ ሽቦ ጎታች፣ ጆሮ፣
በሰዓት የምከፈል፣ ፈቺ የድምፅ ቋጠሮ።

ባንዱ «እርጥብ ክብሪት» ይባላል።
ስሙን ያወጣችው ዳርሊን ናት፣ ከበሮ መቺዋ፤
አገሯ ከሰሜን ነው፣ መኪና ከማይደርስበት፣
ብርዱ ሲጠና ሐይቁ ራሱ መንገድ ከሚሆንበት።
ታኡኖ ከአያቱ አኮርዲዮን ወርሷል፤
ሁለት ቁልፉ አይጮህም፣
እሱ ግን ሲጫወት አይዘላቸውም፣
ተራቸው ሲደርስ ይነካቸዋል።
ኔሎ ቤዝ ይዟል፣ ዓይኑን ጨፍኗል፣ ሌላ ስለ እሱ አላውቅም።
ኦዴት ቀን ቀን ጥርስ ሐኪም ቤት ስልክ ታነሳለች፤
ማታ ጊታሯን አንግታ፣ በዚያው ድምፅ፣
«እባክዎ ይጠብቁ» እያለች ታዜማለች።

«ዓይነቱ ምንድን ነው?» አልኳቸው፤ ፎርሙ ላይ ክፍት ቦታ አለ።
ሮክ? ፋንክ? ፖልካ? ተያዩ።
ዳርሊን በጫማዋ ጫፍ ጥጉን ጫረች፤
የድሮ ስንዴ፣ አጃ፣ ገብስ፣ የአይጥ ትራፊ፣
አንድ ላይ ወጣ፣ አቧራ ለብሶ።
«ሰርገኛ» አልኩኝ ሳላስበው፤
ነጭም ያልሆነ፣ ጥቁርም ያልሆነ፣
ማንም ቁጭ ብሎ ያልለቀመው ጤፍ።
ቃሉን ወደዱት። ዳርሊን የሰማችውን ያህል
ሳጥኑ ላይ ጻፈችው፤ «ሰርጌይ» ሆኖ አደረ።
እስከ ዛሬ ሰው ይጠይቃል፦
ሰርጌይ ማነው? በሕይወት አለ?

ሦስተኛው ዘፈን
ፖልካ ሆኖ ተነሳ፣
መሀል ላይ ረሳ፤
በረዶ እንደረገጠ ሰው
ወደ ፋንክ ተንሸራቶ፣
ሁለት እጁን ዘርግቶ፣
ተንገዳግዶ፣ ቀጥ ብሎ፣
በሬጌ ወረደ።

ጎተራው ደግሞ የበላውን ድምፅ
በስምንት ሰከንድ ይመልሳል።
ኦዴት አንድ ስንኝ ትጥላለች፣ ትጠብቃለች፤
ከላይ፣ ከጨለማው፣ ኦዴት ትቀበላታለች።

ያን ጊዜ የጭነት ባቡር መጣ።
መቶ አርባ ፉርጎ። ግድግዳው ነዘረ፣
የማይኩ እግር ወለሉ ላይ ተራመደ።
እጄ ቁልፉ ላይ ነበር፣ ልቆርጠው።
ዳርሊን ቀና ሳትል የራሷን ምት ጣለችና
የባቡሩን አነሳች።
ኔሎ ተከተላት፤ ታኡኖ ሁለቱን ዲዳ ቁልፎች ያዘ፤
በር ከፍቶ ለገባ እንግዳ ወንበር እንደሚለቁለት
ሙዚቃው ተጠጋጋለት።
አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ።
ስቆጥር ነበር እንጂ ስተነፍስ አልነበርኩም።

ከዚያ ለሦስት ወር ምድር ቤት ወረድኩ፣ ላደባልቅ፦
አኮርዲዮኑን ዝቅ ሳደርግ፣ የፖልካው ነፍስ ይወጣል፣
ከፍ ሳደርገው ደግሞ፣ ቤት ሙሉ ሠርግ ይመጣል፤
ቤዙ ካልተገደበ ጎርፍ ነው፣ ቃሏን ይዞ ይወርዳል፣
ጊታሩ ካልታሰረ ውሻ ነው፣ እንግዳ ያሳድዳል።
እንደ ሽሮ ሊሟሟልኝ ጠብቄ ነበር።
እንቢ አለ። ቆሎ ሆኖ ቀረ፤
ሽምብራው ከሱፉ ጋር፣ እያንዳንዱ በጥርስ የሚታወቅ።
ተውኩት።

በሐምሌ ወጣ፣ ሦስት መቶ ሸክላ።
የሙዚቃ መደብሯ ባለቤት፣ ወይዘሮ ኮቫልቹክ፣
ፊቱን አየች፣ ጀርባውን አየች፣ «የት ላድርገው?» አለች።
ሰባት ነበር የሰጠናት፤ በሰባት መደርደሪያ በተነችው።
ሮክ ላይ አንድ፣ ጃዝ ላይ አንድ፣ ዳንስ ላይ፣
«የአገር ቤት» በሚለው ላይ፣ «ልዩ ልዩ» በሚለው ላይ፣
አንዱን ቅናሽ ላይ፣ ከወዲሁ፤
አንዱን፣ ሽፋኑ ላይ ድብ ስላለ፣
ከሕፃናት መዝሙር ጋር።

እስከ መስከረም የተሸጠው ያ ባለ ድቡ ቦታ ነው።
በረዶ ጠራጊ ነው የገዛው፣ ለልጁ።
በኅዳር ተመለሰ፣ ጓንቱን ሳያወልቅ፦
«ሸክላው አለቀ» አለ፤ «ሦስተኛውን ብቻ ነው የምትሰማው።
ባቡሩ ሊደርስ ሲል ከሶፋው ትነሳለች፣
ቦታ ትለቅለታለች።
ሌላ አለ?»

ወይዘሮ ኮቫልቹክ መነጽሯን አወረደች።
«ስድስት አለ» አለችው፤
«ከየትኛው ላምጣልህ?»