ዘጠነኛው ብሎን

"ጣይው" አለኝ ሊሳንድሮ፣ የልጄ ባል፣ ስቆ፤
"አሮጌ ዕቃ አይመለስም አንዴ ከሞት ታርቆ።"
እኔ ግን ዐውቃለሁ የዚህን ዕቃ ነገር፤
ጀልባው ከፑንታ አሬናስ በዓለም ጫፍ ሲሻገር
ስንት በግ፣ ስንት መኪና፣ ስንት ሰው ነው ጭነቱ፣
እሱ ነው መዝጋቢዬ፣ ይኸው አሥራ ሁለት ዓመቱ።

ዘንድሮ ሆዱ ሞልቶ መተንፈስ አቃተው፤
ቁልፉን ስጫነው እንኳ እንቅልፍ እየጎተተው።
ጧት ጧት እሱን ከፍቼ ማንቆርቆሪያ እጥዳለሁ፤
ማቴዬን በዝግታ ሁለት ዙር እጠጣለሁ፤
በመስኮቴ አሻግሬ መርከብ እቆጥራለሁ፤
እሱ ገና ይነቃል፤ እኔ እጠብቃለሁ።

ከይርኮ ሱቅ ሄጄ ኤስኤስዲ ገዝቼ፣
አንድ ቴራ ሙሉ በኪሴ ከትቼ፣
ማስቲካ የምታህል፣ እንደ ላባ ቀላል
(የሰው ዕድሜ ሙሉ እዚያ ውስጥ ይተኛል)
ላፕቶፑን ገልብጬ፣ መነጽር አድርጌ፣
ብሎኑን ፈታሁት አንድ በአንድ ፈልጌ።
ዘጠኝ ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ይረዝማል፤
ቦታው ከተሳተ ሆድ ዕቃ ይበሳል።
የእንቁላል መያዣ ካርቶን አመጣሁኝ፤
በተፈቱበት ረድፍ ደርድሬ አኖርሁኝ።
ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤
በእንቁላል ቤት ብሎን ተራውን ይጠብቃል።

ክዳኑ ሲላቀቅ ውስጡ ጉድ አለበት፤
ማራገቢያው ታፍኗል ሱፍ ተጠምጥሞበት።
ከየትኛው በግ ይሆን? ከየትኛው ክረምት?
በጥርስ ብሩሽ ጠርጌ እፍ እፍ አልኩበት።

አዲሱን ዲስክ ላስገባ፣ አልገባም አለኝ፤
ጥርሱ ሌላ፣ ድዱ ሌላ፤ እጄ ላይ ቀረብኝ።
ማረፊያው ጥርስ ያበቀለው በስተግራ በኩል፤
ዲስኩ የተሰነጠቀው በቀኝ፤ አይ የኔ ዕድል!

እግረኛ እንዳይወድቅ በወጠሩት ገመድ
ተንጠልጥዬ ደረስኩ በነፋሱ መንገድ።
ይርኮ አየና ሣቀ፤ ሃያ ዓመት አይሞላው።
"እሜት ኦቲሊያ፣ ይኼ እንደ ጥይት ነው፤
ማሽንዎ ግን ሽማግሌ፣ ጥድፊያ የማይገባው።
ዘገምተኛውን ይውሰዱ፣ ቋንቋቸው ይገጥማል፤
ከድሮው ሲተያይ እሱም መብረቅ ያህላል።"
ልዩነቱን በሳንቲም ቆጥሮ መለሰልኝ፤
ግን "ዘገምተኛ" ሲል ለምን ቀና ብሎ አየኝ?

አሮጌውን መለስኩት ለአንዲት ሌሊት ዕድሜ፤
አዲሱን በኬብል ሰክቼ፣ ጠበቅሁ ቆሜ።
ሌሊቱን ተቀዳ አሮጌው ወደ አዲሱ፤
ፋይሎች እንደ በግ መንጋ በኬብል ፈሰሱ።
ሰባ አንድ በመቶ ሲል ነፋስ ምሰሶ ጣለ፤
ባትሪው ሙት ነውና ሁሉም ድርግም አለ።
(ሰባ አንድ የኔም ዕድሜ ነው። ዝም አልኩ፤ አላሟረትኩም።)

ጎህ ሲቀድ ጀመርኩኝ ሀ ብዬ እንደገና፤
ከቀትር በኋላ መቶ ሞላልኝና
አዲሱን በሰያፍ ማረፊያው ብሰደው
ቀጭ አለ፤ እንዲህ ዓይነት ድምፅ ለጆሮ ምግብ ነው።

ቁልፉን ተጫንኩና ማንቆርቆሪያ ልጥድ
ዞር ስል፣ የያዝኩት ክብሪት ገና ሳይነድ፣
ላፕቶፑ ነቅቷል፤ ሁሉም በየቦታው፤
የመንገደኛው ስም፣ የጀልባው ክፍያው፤
ሰባት በግ የጎደለው ያ የጥንት ድምር፣
ስህተቱም ተቀድቷል፤ ሳይታረም፣ ሳይቀር።

ደስ አለኝ። ግን ያንን የሩብ ሰዓት ትርፍ
የት ላስቀምጠው? በሣጥን አይቆለፍ!
ለካ መጠበቄ ነው መስኮቱን የሰጠኝ፤
መርከቡን፣ ሞገዱን፣ ደመናውን ያሳየኝ።
በነጋታው ማለዳ፣ ላፕቶፑን ሳልነካ
ማቴዬን አፈላሁ፤ ቁልፉ ይደርሳል ለካ።

ካርቶኑን ላነሳ ስል፣ ከጉድጓዱ በአንዱ
አንድ ብሎን ቁጭ ብሏል፤ ረሳሁት መንገዱን።
ዘጠኝ ፈትቼ ነበር፤ ስምንት ነው ያሰርኩት፤
ማሽኑን ከጆሮዬ አስጠግቼ ወዘወዝኩት፤
ምንም አይንኳኳም።
ማታ ሊሳንድሮ ደወለ፤ "ሠራ ወይ?" ሲለኝ
"እንዴታ!" አልኩት፤ እንደ ልማዱ ሳቀብኝ።
ስለ ብሎኑ ግን እስካሁን አልነገርኩት።