ወንበሩ ሙቅ ነው

ነቲቮት፣ ከፈረቃ መልስ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት።

የተኩሱን ጨዋታ ለኤልዳድ ሰጠሁት፤
የጠመንጃ ክብደት፣ በትከሻ ያወቅሁት፣
በጣት አይለካም።
የኳሱም ባልከፋ፤ ዳኛው ግን አይሰማም፣
ስድብ የማይገባው ዳኛ ለኔ አይስማማም።
የመኪናው ውድድር ይጥማል ለጊዜው፣
ግን እንደ ሰባት ቁጥር አውቶቡስ ነው፤
ዞሮ ዞሮ ያው ፌርማታው።

እኔን የያዘኝ እርሻው ነው፤
ዘር ጣል፣ ሦስት ደቂቃ፣ እሸት።
አባቴ አንድ ማታ ከኋላዬ ቆሞ
"አረሙስ?" አለኝ። "ግሪሳውስ? ተምቹስ?"
"የለም።"
"ዝናቡ ቢቀርስ?"
"አይቀርም፣ አባ።"
"የሰነፍ አገር!" ብሎ ስቆ ገባ።

ዛሬ ስመጣ ቤቱ ተኝቷል፣ ወንበሩ ሙቅ ነው፤
ጎተራዬ እስከ አፉ ሞልቷል፤
ከወንዙ ዳር ያለችውን ማሳ ብቻ
ሆን ብሎ ጦም አሳድሯታል።