ልየው

ከወደቡ መንገድ፣ ከጎሚስታው ጎን፣
አንድ በር፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ያረጀ ማሽን፤
ይቺ ናት ሱቄ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ የኪራይ ውል አትማለሁ፣
ጣና ሲነፍስብኝ ወረቀቱን በጡብ እጭናለሁ።

ማሽኑ ከፖሊ በጨረታ የወጣ ነው፤ ዊንዶውሱ ታንቆ ሞቶ፣
ልየው የሚሉት ተማሪ ሊኑክስ ጫነበት፣ እስከ አራት ሰዓት አምሽቶ።
ገንዘብ አልወሰደም። አንድ ጥብስ ቆሮሶ በላ፣ እጁን ታጠበ፣
አራት መስመር ጽፎ ግድግዳዬ ላይ ለጠፈ፣ ጮክ ብሎም አነበበ።
"ጥቁሩን መስኮት አትፍሪው" አለኝ፣ "ደጃፍ ማለት ነው፤
ሥዕል አትፈልጊ፤ ከውስጥ ያለውን በስሙ ጥሪው።"

እውነትም ስጠራው ይመጣል። አንድ ፊደል ስገድፍ ግን፣ እንደ ባዕድ ቤት ዘበኛ፣
"እንዲህ የሚባል የለም" ይለኛል፤ አይቆጣ፣ አይተኛ።

ልየው ተመርቆ መተማ ገባ። ስልኩ አንዳንዴ ይጠራል፤
አንዳንዴ ያቺ ሴትዮ ታነሣዋለች፤ የሷም ቃል "የለም" ይመስላል።

ባለፈው ማክሰኞ አሊጋዝ፣ የአስጋሪዎቹ ጸሐፊ፣
መዝገቡን አሳትሞ አየና፦ "ታንኳችን የት ሄደ፣ አንቺ ልጅ? እስቲ ጻፊ!"
'ታን' ይልና ይቆማል፤ ከጎኑ ባዶ ሣጥን።
ሠላሳ ሁለት ጊዜ። 'ኳ' ሰጥማለች፣ ትታን።

"ቆይ፣ ላድሰው" አልኩ። የልየውን ወረቀት የሐይቁ እርጥበት በልቶት፣
ሦስተኛው መስመር ደብዝዟል፤ በግምት ሞላሁት።
የይለፍ ቃል ጠየቀኝ፤ ስጽፍ አንዲት ነጥብ እንኳ አይታይም፤
በጨለማ ቁልፍ መክተት ነው፤ ይግባ አይግባ አላውቅም።
ገባ። ሦስት መቶ አርባ ጥቅል፣
የሳምንት ፓኬጄን እየበላ፣ መስመር በመስመር ይንቆረቆር ጀመር።

አሊጋዝ ከጀርባዬ፦ "እየሠራ ነው እንዴ የምትቀይሪው?"
"አዎ።"
"እኛ እየቀዘፍን ደንገል አንነቅልም።
መጀመሪያ ከዳር ይወጣል፣ ይደርቃል፤ ከዚያ ነው።"

ሳቅኩበት። ሲያልቅ ግን መዝገቡን አየሁ፤
ሣጥኑ ያው፣ ባዶው ያው። ወደ መተማ ደወልኩ፤ ሴትዮዋን አገኘሁ።

ያኔ ነው አራተኛውን መስመር ያነበብኩት። ትእዛዝ መስሎኝ ነበር ሁልጊዜ።
"ካደስሽ በኋላ ዘግተሽ ጥሪው" ይላል፤ በቃ፣ ይኸው ነው መላው።
ለካ ከሥሩ ሁሉ ተለውጦ ሳለ፣
አሮጌው እስኪዘጋ ድረስ በትናንቱ ይንሳፈፋል።

ዘጋሁት። በዚያው በጥንት ስሙ ጠራሁት።
ቆየ።
መጣ፤ ቁልፎቹ ቦታ ለውጠዋል፣ ግራጫው ነጥቷል፤
አሊጋዝ በጣቱ ይቆጥራል፦ ታንኳ፣ ታንኳ፣ ታንኳ፤
ሠላሳ ሁለቱም ከውኃ ወጥተዋል።
ከፈለኝ፤ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ሄደ።

እኔ ስልኬን ይዤ ቀረሁ። "ልየው ሊኑክስ" ይላል።
ቆሮሶ የበላው ያ ልጅ ስንቴ ታድሶ ይሆን? ማን ያውቃል።
ስሙ ያው ነው፤ ብጠራው የሚመጣው ሌላ ይሆናል።
ይምጣ፤
ልየው።